የጀበናው ጆሮ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ስዕል ላውራችሁ።

ሰው ፊቴ አስቀምጬ ሳልስል 11 ዓመት አለፈኝ። ሥራው፣ ልጆቹ፣ ኑሮው... ታውቁታላችሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት እሁድ ዕለት 4ቢ እርሳስና ደብተር ይዤ እናቴ ቤት ሄድኩ። ቡና ስታፈላ ከጎኗ ተቀምጬ መሳል ጀመርኩ።

እጄ አልከበደኝም። እንዲያውም ይሮጣል፤ ችግሩም እሱ ነበር። ጨርሼ ሳየው ከጎን በሳልኩት ፊት ላይ ከፊት የሚታይ ዓይን ቁጭ ብሏል። ትልቅ፣ የተከፈተ፣ ብሌኑ መሃል ላይ። የእናቴ ዓይን አይደለም። ከየት እንደመጣ ግን ወዲያው አወቅኩት። ልጅ ሆኜ መሳል የለመድኩት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን እያየሁ ነው። እዚያ ቅዱሳኑ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው በሁለት ዓይናቸው ያዩናል፤ ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳሉት ክፉዎቹ ናቸው። ሥርዓት ነው፣ በጣም የምወደው ሥርዓት። እኔ ግን ያን ቀን የፈለግኩት እናቴን ማየት ነበር፤ እጄ ደግሞ ዓይኔን ሳይጠብቅ የሚያውቀውን ሣለ።

በሁለተኛው እሁድ እሷን ተውኩና ጀበናውን ያዝኩ። ጀበናውን እንኳ አይደለም፤ በጆሮውና በአንገቱ መካከል ያለውን ክፍተት። ድሮ ስንማር የለመድነው ዘዴ ነው፦ ዕቃውን ተወው፣ ባዶውን ሳል። ጀበና ምን እንደሚመስል ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን፤ ባዶውን ግን ማንም በቃሉ አያውቀውም፣ የግድ ማየት አለብህ። እኔ ክብ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከላይ ሰፋ ብሎ ወደ ታች ይሾላል፣ አንድ ጎኑም ቀጥ ያለ ነው። ክንዴን ዘርግቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በእርሳሱ ጫፍና በአውራ ጣቴ አንገቱን ለካሁ። ሆዱ ላይ ስንቴ ይሄዳል? አጠፋሁ፣ እንደገና ለካሁ። ከአቦል እስከ በረካ ያቺን አንዲት ክፍተት ብቻ ስስል ቆየሁ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ።

ባለፈው እሁድ ወደ እናቴ ተመለስኩ። ዓይን ከጎን ሲታይ እንደ ሽብልቅ ነው፤ ከፊት ወፈር፣ ወደ ኋላ ቀጠን። እሱን ስለካ ነው ያየሁት፦ የዓይኗ ቆብ ወርዷል። ሽፋሽፍቷን ሊነካ ምንም አልቀረው። በየሳምንቱ አያታለሁ እኮ! ጉንጯን ስሜ ነው የምገባው፣ ስሜ ነው የምወጣው። መቼ ወረደ? እርሳሱን ይዤ ዝም አልኩ። ከዚያ በቀስታ፣ እንዳለው ሳልኩት።

ሳሳያት ደብተሩን ከዓይኗ ራቅ አድርጋ ብዙ አየችው።

«ምነው ልጄ፣ አንድ ዓይን ብቻ? እንደ ይሁዳ?»

«እማዬ፣ ከጎን ስለሆንሽ ነው።»

ረከቦቱን ገፋ አደረገችና ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከነዱካዋ ወደ እኔ ዞረች።

«በል፣ አሁን ሳለኝ።»