ጡንቻ የሚፈታው በነፃ አይደለም

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የምቀዳው ባህር ዳር፣ ጣና ዳር ሆኜ ነው፤ ነፋሱ ማይኩን ቢያስቸግር ታገሱኝ።

ቅድም አሳ የሚበልቱት ልጆች ዘንድ ቆሜ ነበር። አሁን የወጣውን ቆሮሶ በጭንቅላቱ ሲያነሱት ጅራቱ ዝልፍልፍ ይላል። ቀደም ብሎ የተያዘው ግን ደርቆ ቀጥ ብሏል፤ ሊያጎብጡት ቢሞክሩም እሺ አይልም። ሞቷል እኮ! ታዲያ ጡንቻውን ገትሮ የያዘው ማነው?

ብዙዎቻችን ጉልበት የሚፈጀው ጡንቻ ሲኮማተር ብቻ ይመስለናል። መፍታቱም ያስከፍላል። ነርቭ ሲያዝ፣ ጡንቻው ሕዋስ ውስጥ ካለ ማከማቻ ካልሲየም ይለቀቅና ማዮሲን የሚባለው የጡንቻ ፕሮቲን አክቲን የሚባለውን ሌላ ፕሮቲን ጨብጦ ይስባል። እንዲላላ ካልሲየሙ ተለቅሞ መመለስ አለበት። ለቃሚው ማከማቻው ሽፋን ላይ የተተከለ ሰርካ የሚባል ፕሮቲን፣ ማለትም ፓምፕ ነው። ማከማቻው ውስጥ ያለው ካልሲየም እጅግ ስለሚበዛ በራሱ አይመለስም፤ ሰርካ አንድ ኤቲፒ (ሕዋስ ለጉልበት የሚከፍለው ሞለኪውል) እየከፈለ ሁለት ሁለት ያስገባዋል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ሁለቱ ካልሲየሞች ገብተው ይቀመጣሉ። ከኤቲፒ የመጣ ፎስፌት የሚባል ቁራጭ ፕሮቲኑ ላይ ሲጣበቅ የገቡበት ይዘጋል፤ ፕሮቲኑ ይጠማዘዝና በማከማቻው በኩል ይከፈታል። ሁለቱም ወገን አንድ ላይ አይከፈትም፤ ቢከፈትማ የተለፋበት ሁሉ መልሶ በፈሰሰ። ጃፓናዊው ሳይንቲስት ቶዮሺማና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ካልሲየም የያዘውን ፓምፕ ቅርጽ በአተም ደረጃ አሳይተውናል።

አሳው ሲሞት እንግዲህ ኤቲፒው ያልቃል። ፓምፑ ይቆማል፣ ካልሲየም ይሾልካል። ይባስ ብሎ ማዮሲን ከአክቲን የሚላቀቀው አዲስ ኤቲፒ ሲያገኝ ነው። የሚስብ ኖሮ ሳይሆን የሚፈታ ጠፍቶ ነው የደረቀው።

በነፋስ ፊት የደንገል ታንኳ ወደ ዘጌ የሚቀዝፍ ሰው ልቡን አስቡት። እዚያ ፎስፎላምባን የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ሰርካን እንደ ልጓም ይይዘዋል፤ አድሬናሊን ሲመጣ ልጓሙ ይላላል። ስለ ልብ ስናወራ አመታቱን ብቻ እናነሳለን፤ ቶሎ ካልፈታ ግን ለቀጣዩ ምት የሚሆን ደም አይሞላም።

ሌሎች ሕዋሶችም አያርፉም። የውጭው ነፃ ካልሲየም ከውስጣቸው 10,000 እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ የውጭ ሽፋናቸው ላይ ያለ ሌላ ፓምፕ በአንድ ኤቲፒ አንድ ካልሲየም ያስወጣል። የሚገርመኝ፣ ሻትስማን የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1966 ይህን ፓምፕ ያገኘው ቀይ የደም ሕዋስ ላይ መሆኑ ነው። ኒውክለስ የላት፣ ማከማቻ የላት፣ የምትኮማተርበት ጉዳይ የላት፤ ካልሲየም ግን ታስወጣለች።