አንዲት ዶቃ ስትቀየር

ቁራሽ ዳቦ አፋችሁ ውስጥ አድርጉና ሳትውጡ ደጋግማችሁ አኝኩት። ትንሽ ቆይቶ ስኳር ስኳር ይላል። ምራቃችሁ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም (ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን) የዳቦውን ስታርች መቆራረጥ ስለጀመረ ነው።

ስታርችን በክር እንደተሰካ ዶቃ አስቡት። እያንዳንዱ ዶቃ ግሉኮስ የሚባል ስኳር ነው። ሁለት ዶቃ ሲያያዝ አንድ የውሃ ሞለኪውል ይወጣል። ሲላቀቅ ደግሞ አንድ ውሃ ይገባል። የፕሮቲን ዶቃዎችም የሚያያዙትና የሚላቀቁት እንዲሁ ነው።

[ምስል፦ የጥጥ ክር በቅርበት]

ይሄ ጥጥም ከሞላ ጎደል ግሉኮስ ብቻ ነው። ሴሉሎስ ይባላል። ግን ስታኝኩት ብትውሉ አይጣፍጥም። ለምን? መጋጠሚያው ይለያል። ስታርች ላይ ዶቃዎቹ በአንድ ወገን ይደረደራሉ፤ ሰንሰለቱም ይጠማዘዛል። ሴሉሎስ ላይ አንዱ ቀና፣ ቀጣዩ ግልብጥ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል። የኛ ኢንዛይም ይሄን መጋጠሚያ መቁረጥ አይችልም።

ቅባቶችም ከስታርች፣ ከሴሉሎስና ከፕሮቲን ጋር አብረው ይጠራሉ፤ እንዲህ ያለ ረጅም ሰንሰለት ግን የላቸውም።

ፕሮቲን ላይ ቆም እንበል። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ እሱ ነው። ዶቃዎቹ 20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ናቸው። ተራቸውን የሚወስነው ዲኤንኤ ነው። ሰንሰለቱ ሲታጠፍ ውሃ የሚሸሹት ወደ ውስጥ ይሸጎጣሉ፣ ውሃ የሚወዱት ውጭ ይቀራሉ። ፕሮቲኑ ሥራውን የሚሠራው በዚያ ቅርጽ ነው።

[ምስል፦ ሄሞግሎቢን]

ደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው ፕሮቲን ሄሞግሎቢን 4 ሰንሰለቶች አሉት፤ በድምሩ 574 አሚኖ አሲዶች። ከአራቱ ሁለቱ ቤታ ይባላሉ። የቤታ 6ኛ ቦታ ላይ ውሃ ወዳዱ ግሉታሚክ አሲድ ተቀምጧል። የሲክል ሴል ሕመም ባለበት ሰው ግን እዚያች ቦታ ላይ ውሃ የሚሸሽ ቫሊን ተተክቷል። ኦክስጅኑ ሲራገፍ ቫሊኑ የጎረቤት ሄሞግሎቢን ላይ ያለች ስርጉድ ውስጥ ይሰካል። ያም ሌላው ላይ። እንዲህ እየተቀጣጠለ ረጅም ዘንግ ይሆናል። ዘንጉ ክቡን ቀይ የደም ሴል ከውስጥ እየገፋ ማጭድ ያስመስለዋል። ማጭዱ ቀጭን የደም ሥር ውስጥ ይቀረቀራል። ሕመምተኛው የሚሰማው ከባድ ሥቃይ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ይሄን የዶቃ ለውጥ ያገኘው ተመራማሪው ቨርነን ኢንግራም ነው። ጤነኛውንም የታመመውንም ሄሞግሎቢን በኢንዛይም ቆራርጦ ቁርጥራጮቹን ወረቀት ላይ አሰራጨ። ነጠብጣቦቹን ጎን ለጎን አስተያየ። ሁሉም ተመሳሰሉ፤ ቦታዋን የለቀቀችው አንዲት ነጠብጣብ ብቻ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1957 ውስጧ ያለውን ልዩነት ለይቶ አወጣ፤ አንድ አሚኖ አሲድ።