ከምንም ያነሰ ነገር አለ?

[ስክሪኑ ላይ፦ −3]

ሦስት በግ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ። ከዜሮ በሦስት ያነሱ በጎች ግን ማን አይቶ ያውቃል?

ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ በ628 እ.አ.አ. መላ አገኘለት። ፖዘቲቩን ቁጥር «ሀብት»፣ ከዜሮ የሚያንሰውን ኔጌቲቩን ደግሞ «ዕዳ» ብሎ የስሌት ሕጋቸውን ጻፈ። ለነጋዴ ይሄ ግልጽ ነው። ለአውሮፓ ፈላስፎች ግን ከሺህ ዓመት በኋላም አልተዋጠላቸውም።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው አንቷን አርኖ ከባድ ጥያቄ አነሳ።

[ስክሪኑ ላይ፦ 1 ÷ −1 = −1፣ −1 ÷ 1 = −1]

6ን ለ2 ስናካፍል 3 ነው። ስንገለብጠው ሲሶ ይሆናል። ትልቁ ለትንሹ ሲካፈልና ትንሹ ለትልቁ ሲካፈል ውጤቱ ይለያያል ማለት ነው። እዚህ ግን ስንገለብጠውም ያው ነው። ታዲያ −1 እንዴት ከ1 ያንሳል? እኔ ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ ትምህርት ቤት ሕጉን ሸምድደን ያለፍነው ቦታ ላይ ቆም ያደርገናል። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ ላይብኒዝ በ1712 ተቃውሞው ትክክል መሆኑን አምኖ፣ «ስሌቱ እስከሠራ ድረስ እንጠቀምበት» የሚል አቋም ያዘ።

ጉዳዩን ከሥሩ የያዘው ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት ነው፣ በ1763።

[አኒሜሽን፦ በባሕር ላይ የምትሄድ መርከብ]

መርከብ ከፖርቱጋል ወደ ብራዚል ትሄዳለች። ነፋሱ ሲቀናት 12፣ ከዚያ 7 ማይል ትጓዛለች። ተቃራኒ ነፋስ መጥቶ 3፣ ቀጥሎም 5 ማይል ወደ ኋላ ይመልሳታል። ከዚያ እንደገና 8 ወደፊት። ጠቅላላ 19። ወደ ኋላ የተመለሰችበት 5 ማይል «ከምንም ያነሰ» አይደለም። እውነተኛ ባሕር፣ እውነተኛ ነፋስ ነው። ኔጌቲቭ የሚያሰኘው የመጣንበትን መንገድ የሚያፈርስ መሆኑ ብቻ ነው። እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት ሰዎች ገመድ ሲጓተቱም ገመዱ አይነቃነቅም፤ ሁለቱም ግን በሙሉ ኃይላቸው እየሳቡ ነው።

በዚህ ዓይን የአርኖ እንቆቅልሽ ይፈታል። 1 እና −1 በመጠን እኩል ናቸው፤ የተለያዩት በአቅጣጫ ነው።

ሆኖም ክርክሩ አላበቃም። በ1831 እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ደ ሞርጋን አንድ ምሳሌ አቀረበ፦ አባት 56፣ ልጅ 29 ዓመታቸው ነው። አባት የልጁን ዕድሜ እጥፍ የሚሆነው መቼ ነው? መልሱ −2 ይመጣል። ደ ሞርጋን መልሱን ትርጉም የለሽ አለው፤ መስተካከል ያለበት ጥያቄው ነው ብሎ።

እስቲ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ሂዱ። አባት 54፣ ልጅ 27።