የማይማር ልጅ ለምን ይከለከላል?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ እጩ መምህራን፤

የማነሳላችሁ በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር የነበረችውን አልጄሪያ ነው፤ ዘመኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1903 የአልጀርስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት “ሙስሊም” የሃይማኖት መጠሪያ ብቻ አይደለም ሲል በየነ። ከሙስሊም የተወለደ ሰው ተጠምቆ ካቶሊክ ቢሆንም በሕግ ፊት ያው ሙስሊም ነው። እንዲህ ሆኖ እምነት ወደ ደም ተለወጠ። ደም ከሆነ በኋላ ደግሞ ሐኪሞቹ ተረከቡት። የአልጀርሱ የአእምሮ ሐኪም አንትዋን ፖሮ በ1918 ባወጣው ጽሑፍ ሙስሊሙን የማወቅ ጉጉት የሌለው፣ የነገሩትን ሁሉ የሚቀበል አድርጎ ሣለው። ደቀ መዛሙርቱም ይህንኑ ሳይንስ ብለው ቀጠሉበት።

እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ 10 ዓመት በፊት የሆነው ነው። በ1908 የፈረንሳይ ሰፋሪዎች ጉባኤ ለአገሬው ልጆች የሚሰጠው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ይቅር አለ። “አይገባቸውም” ብለው መሰላችሁ? የለም! ትምህርቱ ለኢኮኖሚውም ለሰፋሪውም አደጋ ነው ብለው ነው። እንግዲህ መማር የማይችልን ልጅ ማን ይፈራዋል? የወይን እርሻው ርካሽ ጉልበት ይፈልግ ነበር፤ ፊደል የቆጠረ የቀን ሠራተኛ ደግሞ ሒሳቡን ያውቃል።

“ጉጉት የለውም” የተባለው ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶ መድረሳ ሲከፍት፣ በ1938 የወጣ ድንጋጌ ያለ ፈቃድ የሚያስተምረውን ለቅጣት ዳረገው። በ1954 የነፃነት ጦርነቱ ሲፈነዳ ከ10 ሙስሊም አልጄሪያውያን 9ኙ ያህል ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር።

በዚያው ሰሞን የአእምሮ ሐኪሙ ፍራንትዝ ፋኖን በአልጄሪያዋ ከተማ በብሊዳ የአእምሮ ሆስፒታል ይሠራ ነበር። ሥዕል እያሳዩ ታሪክ የሚያስነግሩበት አንድ የሥነ ልቦና ፈተና አለ። ሙስሊም ሴቶች ሥዕሎቹን ሲያዩ ብዙም የሚናገሩት አጡ። ለፖሮ ተከታዮች ይህ የምናብ ድህነት ማስረጃ በሆነ ነበር። ፋኖንና የሥራ ባልደረባው ግን ችግሩን ከሥዕሎቹ አገኙት፦ ቤቱ፣ አለባበሱ፣ ኑሮው ሁሉ የአውሮፓ ነው። ምንም ያልተሣለበት ባዶ ካርድ ሲሰጣቸው እነዚያው ሴቶች ታሪኩን አዥጎደጎዱት። ውጤቱን በ1956 አሳተሙት።

ከሻይ እረፍት በኋላ በየቡድናችሁ ሆናችሁ ይዛችሁ የመጣችሁትን የአምና ፈተና ታወጣላችሁ። ተፈታኙ ልጅ በቤቱም በሰፈሩም አይቶት የማያውቀው ነገር የተጠየቀበትን ጥያቄ ሁሉ አስምሩበት፤ ከዚያ አብረን እንነጋገርበታለን።

አመሰግናለሁ።