"ተኝቷል" ብላችሁ አትጻፉ፣ ቀስቅሱት

ጤና ይስጥልኝ ሲስተሮች፣ ብራዘሮች። ከሺፍት የወጣችሁም ስላላችሁ ቀጥታ ልግባ። ባክቴሪያ ያመጣው ማጅራት ገትር ነገ እናየዋለን የሚባል አይደለም፣ ጠዋት ራሴን አመመኝ ያለ ሰው ማታ ራሱን ሊስት ይችላል።

ትኩሳት፣ የአንገት መገተር፣ የንቃት መቀየር ብለን ሸምድደናል አይደል? ግን ብዙው ታማሚ ሶስቱንም አሟልቶ አይመጣም፣ ስለዚህ አንገቱ ታጠፈ ብላችሁ አትለፉት። ጨቅላ ላይማ ጭራሽ ሌላ ነው፣ አንገቱ ላይገተር ይችላል፣ ትኩሳቱ ቀርቶ ሰውነቱ ቀዝቅዞ ሊመጣ ይችላል፣ ጡት እምቢ ይላል፣ ለቅሶው ቀጭን ይሆናል፣ ሲታቀፍ ይብስበታል። እርግብግቢቱን ስትነኩ ቀና አድርጋችሁት፣ ዝም ባለበት ይሁን፣ ሲያለቅስማ የጤነኛውም ይወጠራል። እናትየው "ልጄ ልክ አይደለም" ካለች እኔ በበኩሌ ከቴርሞሜትሩ በፊት እሷን ነው የምሰማው።

ሽፍታ ካለ በብርጭቆ ጫን አድርጉት፣ ካልጠፋ ሐኪም ጥሩ። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ስለማይጎላ መዳፍ፣ ውስጥ እግርና የዓይን ቆብ ውስጡን እዩ።

አሁን የሚያናድደኝ ነገር፣ የጭንቅላት ሲቲ እስኪነሳ፣ ኤልፒ (ከወገብ ፈሳሽ ተቀድቶ የሚታየው ምርመራ) እስኪሰራ እየተባለ አንቲባዮቲኩ ይቆያል! የደም ስር ላይ ካኑላ አስገቡ፣ ለካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ ለመለየት) ደም ውሰዱ፣ ኤልፒው የሚዘገይ ከሆነ መድኃኒቱ ይቅደም ብላችሁ ሐኪሙን ጨቅጭቁት። ዴክሳሜታሶን (እብጠት የሚቀንሰው መድኃኒት) ከታዘዘ ከመጀመሪያው አንቲባዮቲክ በፊት ወይ አብሮ ነው የሚሰጠው። ማስክና ለብቻ ክፍል ደግሞ ትክክለኛው አንቲባዮቲክ ከተጀመረ 24 ሰዓት እስኪሞላው፣ የቅርብ ንክኪ የነበራቸውን ቤተሰቦችም ዝርዝር ያዙ፣ መከላከያ መድኃኒት ሊያስፈልጋቸው ይችላል።

ከዛ በኋላ ያለው ስራ የኛ ነው፣ ጂሲኤስ፣ ማለት ንቃቱን በነጥብ መለካት፣ ሙሉ ንቁ የሆነ 15 ነው። ማታ ማታ ቻርት ላይ "ተኝቷል" የሚል አያለሁ፣ ተኝቶ ነው ወይስ እየደከመ ነው? ቀስቅሱት፣ ስሙን ጠይቁት፣ ብሌኑን በባትሪ እዩ፣ ካለፈው ሰዓት ጋር አስተያዩት። 15 የነበረው 13 ከገባ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ የደም ግፊት ወጥቶ የልብ ምት ሲወርድማ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ግፊት ገፍቷል ማለት ነው። ራስጌውን 30 ዲግሪ ከፍ አድርጉ፣ መብራቱን ቀንሱ፣ አክታና ምራቅ የሚስበው ሰክሽን መስራቱን አስቀድማችሁ ሞክሩት፣ ካንቀጠቀጠው በጎኑ አስተኙትና ሰዓት ያዙ።

ዳነ ተብሎ ሲወጣ ደግሞ ጆሮ አይረሳ፣ ከሚተዋቸው ጉዳቶች ዋናው እሱ ነው። የመስማት ምርመራው ከመውጣቱ በፊት፣ ካልሆነም በ4 ሳምንት ውስጥ ይሁን፣ ህጻን ከሆነ ቀጠሮውን ለወላጅ ጽፋችሁ ስጡ። በሉ፣ ጥያቄ ያለው እጅ ያውጣ።