የጣሳው ጀርባ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ውሻዬ መዳፍ ነው። ብትስቁም አልቀየማችሁም።

ስሙ መቻል ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ መዳፉን መላስ ይጀምራል፤ ቸፕ፣ ቸፕ፣ ቸፕ። በጣቶቹ መካከል ያለው ነጭ ፀጉር ከምራቁ ብዛት ዝገት የነካው መስሎ ነበር። ጆሮውም በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቆስሎ ታክሟል። እኔ ሁሉንም በቁንጫ አሳበብኩ። ሐኪሙ ግን ቁንጫውን ካጠፉለት በኋላም፣ በጋ ክረምት ሳይል እንደሚያሳክከው ሲሰሙ ምግቡን ጠረጠሩ፤ የምግብ አለርጂ ሳይሆን አይቀርም አሉኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ደረቁን ምግብ ትቼ እርጥቡን፣ በጣሳ የሚታሸገውን፣ መፈለግ ጀመርኩ። እርጥብ መሆኑ በራሱ አለርጂን አያድንም፤ ያኔ ግን እንደዚያ መስሎኝ ነበር። መለያው ላይ ትልቅ በግ የተሣለበት ጣሳ አገኘሁና ደስ ብሎኝ ገዛሁ። አንድ ወር አበላሁት። ቸፕ፣ ቸፕ።

አንድ ምሽት መነጽሬን አድርጌ የጣሳውን ጀርባ አነበብኩ። የምግቡ ይዘት የሚዘረዘረው እንደ ክብደቱ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ የዶሮ ጉበት፣ ከዚያ «የእንስሳት ተረፈ ምርት»፤ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ አይናገርም። በጉ የመጣው አራተኛ ላይ ነው። ፊት ለፊት የቆመው በግ ጀርባው ላይ ወረፋ ሲጠብቅ አገኘሁት ማለት ነው።

ሐኪሙን «ለአለርጂ ጥሩው ምግብ የትኛው ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው መልሰው እኔን ጠየቁኝ፤ «እስከ ዛሬ ምን ምን በልቷል?» አለርጂ የሚነሣው ሰውነት ቀድሞ ከተዋወቀው ፕሮቲን ነውና፣ ተጠርጣሪው ዘወትር ሲበላው የኖረው ምግብ ነው። በውሾች ላይ ደጋግመው የሚጠቀሱትም የበሬ ሥጋ፣ የወተት ውጤቶች፣ ዶሮ፣ ስንዴና በግ ናቸው። የደምና የምራቅ ምርመራ ደግሞ ለምግብ አለርጂ አስተማማኝ አይደለም። ስለዚህ ደብተር አውጥቼ ያበላሁትን ሁሉ ጻፍኩ፤ ከገበታ ላይ የወረወርኩለትን አይብ ሳይቀር። ለካ ያልቀመሰው ነገር በጣት የሚቆጠር ነው!

ሁለት መንገድ ቀረልን። አንዱ ጨርሶ በልቶት የማያውቀው ሥጋ ነው። ሌላው ፕሮቲኑ እጅግ ተቆራርጦ የሰውነት መከላከያ እንዳያውቀው ሆኖ የሚዘጋጅ ምግብ ነው። እኔ የጥንቸል ሥጋ ብቻ ያለበትን መረጥኩ፤ ሐኪሙ በሚያዝዙት ዓይነት። ምክንያቱም በተራው ምርት ውስጥ በማሽን ንክኪ ሌላ ሥጋ ሊቀላቀል ይችላል። «እህል የሌለበት» የሚለውን ማስታወቂያ አልፌው ሄድኩ፤ የመቻል ጠላት እህል ነው ያለኝ ሰው አልነበረም።

ጣሳው ላይ ፕሮቲን 9 በመቶ የሚል ሳነብ ደነገጥኩ፤ የደረቁ ከረጢት 25 በመቶ ይላል። ልጄን ላስርበው ነው እንዴ? ነገሩ የውሃ ነው። ከጣሳው 78 በመቶው ውሃ ከሆነ፣ ከመቶ ግራም የሚቀረው ደረቅ ነገር 22 ግራም ነው፤ ዘጠኙን ለ22 ስናካፍል 41 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከረጢቱን፣ 10 በመቶ ውሃ አለው ብለን በዚሁ ስሌት ብናየው፣ 28 በመቶ አይሞላም። ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው ሌላ ቃል ነው፤ «ተጨማሪ ምግብ» የሚል ከሆነ ብቻውን አይበቃም፤ «ሙሉ ምግብ» የሚለውን ነው የምትፈልጉት።

ቢያንስ ስምንት ሳምንት፣ ከዚያ ምግብ በቀር ምንም። በአምስተኛው ሳምንት ፀጉሩ ከሥሩ ነጭ ሆኖ መብቀል ጀምሮ ሳለ መላሱ ተመለሰ። ጣሳውን ረገምኩ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር፤ የትል መድኃኒቱን በልማዴ ሰጥቼዋለሁ፤ መድኃኒቱ ደግሞ ውሻ እንዲወድደው የሥጋ ጣዕም ተደርጎበታል። ቆጠራው እንደገና ከአንድ ተጀመረ። ያን ቀን በራሴ ተናድጄ እራቴን አልበላሁም፤ መቻል ግን የእርሱን ጠርጎ በላ።

ስምንቱ ሳምንት ሲሞላ ማታችን ዝም አለ። ያን ጊዜ ሐኪሙ «አሁን ዶሮ መልሰህ ስጠው» ሲሉኝ ልጣላቸው ነበር። ድኖ ሳለ? ግን መልሰን ካልሞከርነው፣ ያሻለው በምግቡ ይሁን በሌላ ነገር መለየት አይቻልም። ምልክቱ ለመመለስ እስከ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል አሉኝ።

የፈጀው ሦስት ሌሊት ነው። ቸፕ ሲል ተነሥቼ መብራት አበራሁ። ምላሱን ሳይሰበስብ ቀና ብሎ አየኝ። ደብተሩን አውጥቼ «ዶሮ» የሚለውን በቀይ አሰመርኩበት፤ ከሥሩ «የበሬ ሥጋ» የሚለው ገና ተራውን ይጠብቃል።