ሌሊቱን ማን ይጠይቀን?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። የልጅ ልጄ ስልኩን አስተካክሎልኝ ወጥቷል፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን።

ስለ ጉልበት ሕመም ያውሩልን ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። እሺ። ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ ሁለቱም ጉልበቶቼ ደግሞ ያሙኛል። ስለዚህ በሁለቱም በኩል ያገባኛል። ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይተስ ይሉታል፤ በመገጣጠሚያው ውስጥ አጥንትና አጥንት እንዳይፋጩ የሚያደርገው ለስላሳ ንጣፍ እየሳሳ ሲሄድ የሚመጣ ነው። በሰፈር ቁርጥማት ነው፣ ብርድ ነው፣ ሪህ ነው ይባላል። ይባል፣ ግድ የለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌሊቱ ነው። ቀኑ እንደምንም ይገፋል፤ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ገበያ አለ፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ሰው ሲጫወት ሕመሙን ይረሳል። መብራት ሲጠፋ ግን እኔና ጉልበቴ ብቻችንን እንቀራለን። የሌሊት ተረኛ ሳለሁም የማየው ይህንኑ ነበር። ጠያቂ ከቧቸው ሲስቁ የዋሉ አዛውንት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ «ሲስተር፣ ኧረ አልቻልኩም» ይላሉ።

ሕመም እንቅልፍ እንደሚነሳ ማንም ያውቃል። እንቅልፍ ማጣት ራሱ ሕመሙን እንደሚያብሰው ግን ብዙ ሰው አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ጤነኛ ወጣቶችን ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኙ አሳደሯቸውና እግራቸው ላይ ሙቀት እያደረጉ አንጎላቸውን በማሽን አዩ። ተኝተው ሲያድሩ የሚችሉት ሙቀት ሳይተኙ ሲያድሩ ያማቸው ጀመር። ሕመሙን የሚቀበለው የአንጎል ክፍል በርትቶ፣ የሚያስታግሰው ደግሞ ደክሞ ተገኘ። ወጣቱ በአንድ ሌሊት እንዲህ ከሆነ፣ ሰባን ያለፈች አሮጊት ዓመቱን ሙሉ ስትገላበጥ አድራ ምን ትሁን?

«እርጅና ነው፤ ሽማግሌ እንቅልፍ አያስፈልገውም» የሚሉት ነገር ያናድደኛል። ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰውም በቀን ከ7 እስከ 8 ሰዓት መተኛት ይመከራል። በዕድሜ የሚለወጠው ጥልቁ እንቅልፍ ማነሱና የእንቅልፉ ሰዓት ቀደም ማለቱ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት የተኛ ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቢነቃ 7 ሰዓት ተኝቷል፤ ሂሳቡ ሞልቷል። እሱ ትንሽ ማምሸት እንጂ ክኒን አያስፈልገውም።

ክኒን ካልኩ አይቀር፣ ውጭ አገር ያላችሁ ልጆቻችን ስሙኝ። ከዋሽንግተንም ከጅዳም ሻንጣ በመጣ ቁጥር ማስታገሻ አብሮ ይመጣል። እግዜር ይስጣችሁ፣ ፍቅር ነው። ግን «ሕመምም ያስታግሳል፣ ያስተኛልም» የሚባለው የማታ ክኒን ውስጥ ብዙ ጊዜ ዳይፈንሃይድራሚን የሚባል የሚያስተኛ የአለርጂ መድኃኒት አለበት። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር አዛውንት ባይወስዷቸው ይሻላል ከሚላቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ያደነጋግራል፣ ሽንት ይይዛል፣ ሌሊት ሲነሡ ይጥላል። ለእንቅልፍ እየተባለ የሚዋጠው ዳያዜፓምም አይመከርም። እዚህ ከየፋርማሲው ያለ ማዘዣ የምንገዛው ማስታገሻ፣ ዳይክሎፌናክ፣ ደግሞ ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። የግፊት መድኃኒት እየዋጡ ግፊት የሚጨምር ሌላ ክኒን መዋጥ ምን ይሉታል?

እኔ ምን አደርጋለሁ? ከሰዓት በኋላ ቡና አልጠጣም፤ ከጠጡት 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ እንኳ ግማሽ ያህሉ ካፌይን፣ ማለትም የሚያነቃው ነገር፣ ገና ደም ውስጥ አለ። ይህ ከጎረቤት ጋር ያጣላል፣ አውቃለሁ፤ «በረካውን ሳትጠጪ?» ይሉኛል። በጎኔ ስተኛ በጉልበቶቼ መካከል ትራስ አደርጋለሁ። ማታ ማታ የሞቀ ውሃ በላስቲክ ይዤ እተኛለሁ፤ ሲገኝም ፍልውሃ ነው (እቴጌ ጣይቱስ ፍልውሃውን ወደው አይደል አዲስ አበባ የተቆረቆረችው?)። ስግደቱን ንስሐ አባቴ ቀንሰውልኛል። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አልጋው ላይ አልታገልም፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ዳዊቴን እደግማለሁ፣ ሲመጣ እመለሳለሁ። ይህ የእኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ለቆየ የእንቅልፍ እጦት ከክኒን በፊት ይቅደም ያለው እንዲህ ዓይነት የልማድ ሕክምና ነው።

ይህ ሁሉ ሕመሙን አያጠፋውም፤ ሌሊቱን ግን ያሳጥረዋል። ሕመሙ የባሰበት፣ ጉልበቱ ያበጠ፣ የቀላ ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ስትሄዱ ደግሞ አትሸፋፍኑ። ክሊኒክ ውስጥ ግፊታችንን ይለካሉ፣ ስኳራችንን ይለካሉ፤ «እንዴት ነዎት እማማ?» ሲሉን «ተመስገን» ብለን እንወጣለን። ምስጋናው ለፈጣሪ ይድረስ፤ ሐኪሙ ግን ስንት ጊዜ እንደነቃን በምን ይወቅ? ልጆችም ብትሆኑ ጠዋት «እንዴት አደርሽ?» ብላችሁ መልሱን ሳትሰሙ ታክሲ ለመያዝ አትሩጡ። ስንት ሰዓት ነቃሽ፣ ምንሽ አሞሽ ነው፣ ምን ዋጥሽ በሉ።

በሚቀጥለው ስለ ሌሊት ሽንትና ማታ ስለሚዋጠው የሚያሸና የግፊት ክኒን እናወራለን፤ ማፈር የለም። አሁን የልጅ ልጄ በር ላይ ቆሞ እያየኝ ነው፣ ስልኩን ሊወስድ። ደኅና ሰንብቱልኝ።